የሃንኮክ ቤት፦ በ1734 ስለተሠራው የጡብ ገበሬ ቤት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብዙ ሰው ወደዚህ ቤት የሚሄደው በአንድ ሌሊት ስለተፈጸመው ግድያ ሰምቶ ነው። እኔ ደግሞ ግድያው ባይኖርም ግድግዳው ብቻውን መንገዱን ያስወጣል ባይ ነኝ። ከታች ሁለቱንም ታገኛላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱ የት ነው?

አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሳሌም ካውንቲ ውስጥ። መንደሯ ሃንኮክስ ብሪጅ ትባላለች፤ አሎወይስ ክሪክ ከሚባለው ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። ወንዙ ወደ ደላዌር ይፈሳል፣ ዙሪያው ረግረግ ነው። ከፊላደልፊያ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ይርቃል። ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው ሐበሻ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚሆን ቅዳሜን ሄዶ ለመመለስ ይበቃል።

ማን ሠራው?

ዊሊያም ሃንኮክና ሚስቱ ሳራ፣ በ1734። የእኛን ታሪክ ይዛችሁ መገመት ከፈለጋችሁ፣ ጎንደር ላይ እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር የሚገዙበት ጊዜ ነው።

የመሬቱ ታሪክ ግን ከቤቱ ይቀድማል። ጆን ፌንዊክ የሚባል ኩዌከር (ቀለል ያለ ኑሮ የሚያስተምር የፕሮቴስታንት ክርስቲያን ማኅበር አባል) በ1675 ተከታዮቹን ይዞ ከእንግሊዝ መጣና ሳሌምን ቆረቆረ። በዚያን ጊዜ መሬት ከገዙት አንዱ የቤቱ ባለቤት ዘመድ ነበር፤ እሱም ዊሊያም ሃንኮክ ነው የሚባለው። ቤተሰቡ ስም መቀያየር አይወድም፤ ዊሊያም ከዊሊያም እንዳይምታታባችሁ ቀስ እያላችሁ አንብቡ። ርስቱ ከእሱ ወደ ወንድሙ ልጅ ወደ ጆን ዞረ። በ1708 ወንዙ ላይ ድልድይ የሠራው ይህ ጆን ነው፤ መንደሯም «የሃንኮክ ድልድይ» የተባለችው በዚሁ ነው። ጆን ሲሞት ልጁ ዊሊያም ወረሰ። ቤቱን ያሠራው እንግዲህ እሱ ነው። ሀብታም ገበሬ ነበር፤ የሰላም ዳኛም ሆኖ ሠርቷል፣ በቅኝ ግዛቱ ምክር ቤትም ለረጅም ዓመታት ተቀምጧል።

ፊርማው ታዋቂ የሆነው ጆን ሃንኮክ ከዚህ ቤት ነው?

አይደለም። የነጻነት መግለጫው ላይ በትልቁ የፈረመው ጆን ሃንኮክ የቦስተን ነጋዴ ነው።

ግድግዳው ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?

በምዕራብ በኩል ካለው ግድግዳ ጫፍ፣ ጣሪያው ሦስት ማዕዘን ከሚሠራበት ቦታ ላይ፣ የዊሊያም፣ የሃንኮክና የሳራ የመጀመሪያ ፊደሎች አሉ። ከእነሱ ጋር 1734 ተጽፏል። በቀለም አልተጻፈም፣ ተቀርጾም አይደለም። ግንበኛው ፊደሎቹን ያወጣው ጠቆር ያለ ጡብ ከቀዩ ጡብ መሃል እየመረጠ በመደርደር ነው። ዛሬ ልጅ ኮምፒውተር ላይ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ፊደል እንደሚሠራው ማለት ነው።

የሚስትየዋ ስም መግባቱን ልብ በሉ። በሳሌም አካባቢ በዚያ ዘመን የተሠሩ የኩዌከር ቤቶች ላይ የባልና የሚስት ፊደል አብሮ መታየቱ የተለመደ ነው። በመሬት ውሉ ላይ የባልየው ስም ቢገንም ግድግዳው ላይ ግን ሁለቱም አሉ።

ዚግዛጉስ? እሱም ጡብ ነው?

አዎ፣ እሱም ጡብ ነው፤ እኔ በጣም የምወደው ክፍልም ይኸው ነው።

መጀመሪያ የግንባታውን ዘዴ እንይ። እያንዳንዱ ረድፍ ላይ አንድ ጡብ በረጅም ጎኑ ይተኛል፣ ቀጣዩ ደግሞ በአጭሩ ጫፍ ወደ ውጭ ያያል። ከዚያ እንደገና ረጅም፣ እንደገና አጭር። ይህ አሠራር የፍሌሚሽ አደራደር ይባላል። በጫፋቸው ወደ ውጭ የሚያዩት ጡቦች ግድግዳውን ወደ ውስጥ ስለሚያስሩት ግንቡ ይጠነክራል። ግንበኛው ታዲያ ለእነዚህ አጫጭር ጫፎች ሰማያዊ ግራጫ መልክ ያላቸውን፣ ላያቸው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጡቦችን መረጠ። በየረድፉ ትንሽ ወደ ግራ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ቀኝ እያሸጋገረ ሲገነባ፣ ከታች እስከ ላይ ሽቅብ የሚወጡ የዚግዛግ መስመሮች ወጡለት። አንድ ረድፍ ላይ ቢሳሳት ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ይበላሽበታል። ቀጥ ብሎ የቆመ ግንብ ላይ፣ መሰላል ላይ ሆኖ፣ ንድፉን በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሠራው።

ሰማያዊው ልባስ ከየት መጣ? ቀለም ቀብተውት ነው?

ቀለምስ የለበትም። ከእሳቱ የመጣ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ሸክላውን አፈር በመኸር ይቆፍሩትና ብርዱ እንዲያፍረከርከው ክረምቱን ሜዳ ላይ ይተዉታል። በጸደይ በውኃ ያቦኩታል፣ በእንጨት ፎርማ ያወጡታል፣ ጥላ ውስጥ ያደርቁታል። ከዚያ የደረቀውን ጥሬ ጡብ ራሱን እንደ እቶን ይከምሩታል። ከሥሩ ዋሻ ዋሻ የመሰሉ ማንደጃዎች ይተዉለትና ለቀናት ያለማቋረጥ እንጨት ይማገድበታል።

እሳቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ከማንደጃው አጠገብ ያለው ጡብ ከመጠን በላይ ይበስላል። ከእንጨቱ አመድ የሚወጣው ፖታሽ ከሸክላው አሸዋማ ክፍል ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ ወደ መስታወትነት ይቀየራል። ሰማያዊው ጡብ ይኸው ነው። መሃል ላይ ያለው ቀይና ደህና ጡብ ይሆናል። ዳር ላይ ያለው ደግሞ ሳይበስል ይቀራል፤ ፈዛዛና ለስላሳ ነው፣ ዝናብ አይችልም። እሱም አይጣልም፤ ከግድግዳው ውስጠኛው ገጽ ላይ ይገባል። እንግዲህ ጌጡ የተሠራው በእሳት ብዛት መልኩ በተቀየረ ጡብ ነው። ግንበኛው ከዚያ ክምር ውስጥ አንድ በአንድ ለቅሞ ለይቶታል ማለት ነው።

ጡቡ ከእንግሊዝ በመርከብ ተጭኖ መጣ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ይህ ወሬ አሜሪካ ውስጥ ስለ እያንዳንዱ አሮጌ የጡብ ቤት ይወራል። ሊሞት ያልቻለ ወሬ ነው። መርከብ ሚዛን ለመጠበቅ ጡብ ጭኖ የመጣበት ጊዜ የለም አይባልም። ግን ሙሉ ቤት የሚያቆም ጡብ አትላንቲክን አሻግሮ ለማምጣት ምን አስቸገራቸው? ሳሌም ካውንቲ ጥሩ ሸክላ አፈር አለው፣ ማገዶም ሞልቶ ነበር። ጡብ ደግሞ ከባድና ርካሽ ዕቃ ነው፤ ማጓጓዣው ከዋጋው ይበልጣል። ስለዚህ የአካባቢው ቤቶች በአካባቢው ጡብ የተሠሩ ናቸው። ከእንግሊዝ የመጣው ሙያው ነው፤ በጡብ ንድፍ ማውጣት እዚያ የቆየ ልማድ ነበር።

ኩዌከሮች ጌጥ አይወዱም ይባል የለ?

ይባላል፤ አለባበሳቸውም ንግግራቸውም ቀለል ያለ እንዲሆን ያስተምሩ ነበር። የሳሌም ኩዌከሮች ግን የቤታቸውን ግድግዳ ከሩቅ እንዲታይ አድርገው ማስጌጡን አልተዉትም። ሰበባቸውን ሲጽፉ አላገኘኋቸውም። እኔ ስገምተው ጡቡ ለማንኛውም ተቃጥሎ የወጣ ስለሆነ፣ «እኛ ምን አጠፋን፣ ያለንን ደረደርን» ሳይሉ አልቀሩም። የፊት ለፊቱ ገጽ ረጋ ያለ ነው፤ ጉራው ያለው በጎኑ ግድግዳ ላይ ነው።

የገበሬ ቤት ከሆነ ለምን ትልቅ ሆነ?

የገበሬ ቤት ስንል ሁላችንም ጎጆ ይታየናል። ይሄ ግን ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ ከላዩ ሰፊ ቆጥ አለው። ክፍሎቹ የእሳት ማንደጃና የእንጨት ልባስ ያላቸው ናቸው። በታችኛውና በላይኛው ወለል መካከል፣ ከበርና ከመስኮቱ በላይ፣ ግድግዳውን ተከትሎ የሚሄድ ጠባብ ክዳን አለ። ዝናቡ በርና መስኮቱን እንዳይመታ ይከላከላል።

ሀብቱ የመጣው ከረግረጉ ጭምር ነው። የሳሌም ገበሬዎች ረግረጉን በአፈር ግድብ ከልለው ለግጦሽ ያውሉት ነበር። ከባሕር ዳሩ ጨዋማ መሬት ላይም ድርቆሽ ያጭዱ ነበር። ከብት፣ ድርቆሽ፣ እህል፣ ከደጅ ደግሞ ጀልባ የሚያስገባ ወንዝ። በኋላ ወታደሮችን ወደዚህ የሳባቸውም ይኸው ነው።

በ1778 ምን ተፈጠረ?

የነጻነት ጦርነቱ ጊዜ ነው። ያንን ክረምት እንግሊዞች ፊላደልፊያን ይዘዋል፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር ቫሊ ፎርጅ ላይ ይራባል። ሁለቱም ወገን ሥጋና ድርቆሽ ይፈልጋል፤ ሁለቱም ዓይኑን ደቡብ ኒው ጀርሲ ላይ ጣለ። በየካቲት የአሜሪካኖቹ ጄኔራል አንቶኒ ዌይን መጥቶ ከብት ሰብስቦ ሄደ። በመጋቢት ደግሞ እንግሊዞች ኮሎኔል ቻርልስ ማውሁድን ከብዙ ወታደር ጋር ሳሌም ላኩት።

የአካባቢው ሚሊሻ ከአሎወይስ ክሪክ ማዶ መስመር ያዘ። ድልድዮቹን ከጠበቁ እንግሊዞች አይሻገሩም። መጋቢት 18 ቀን ኩዊንተን ድልድይ ላይ እንግሊዞች የሸሹ መስለው ሚሊሻዎቹን አሻገሯቸውና ከአድፍጦሽ ወጥተው መቷቸው። ወንዙን ግን ማለፍ አልቻሉም። ቀጣዩ ዒላማ የሃንኮክ ድልድይ ሆነ።

እዚያ የነበሩት ሚሊሻዎች የድልድዩን ሳንቃ አንስተው፣ በሃንኮክ ቤት ውስጥ ሰፍረው ነበር። አብዛኛው ኃይል ከቦታው ተነስቶ ስለነበር የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። የእንግሊዞቹ ሜጀር ጆን ግሬቭስ ሲምኮ 300 ያህል ሰው ይዞ በሌሊት በጀልባ ወረደ። ከታች በኩል ረግረጉ ላይ ወርደው፣ በዝናብና በጭቃ ውስጥ በእግር መጡ። ሚሊሻው ዓይኑ ድልድዩ ላይ ነው፤ እነሱ በጀርባ መጡበት። መጋቢት 21 ሊነጋ ሲል ጠባቂዎቹን ገደሉና በፊትም በኋላም በር በአንድ ጊዜ ገቡ። የተኙትን ሰዎች በሳንጃ ወጓቸው።

ማውሁድ እዚያው ቀን ለሚሊሻው አዛዥ ለኮሎኔል ኤላይጃ ሃንድ ደብዳቤ ላከ፦ ትጥቅ ፈትታችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ፣ ካልሆነ ቤታችሁን አቃጥላለሁ፣ ቤተሰባችሁን ለማኝ አደርጋለሁ የሚል። ሃንድ እንቢ አለ።

የቤቱ ባለቤትስ?

አሳዛኙ ነገር ይሄ ነው። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ የገንቢው ልጅ፣ እሱም ዊሊያም፣ እሱም ዳኛ ነው። ልቡ ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር ነበር። ሚሊሻው ቤቱን ስለያዘበት ሌሊት እዚያ አያድርም ተብሎ ለሲምኮ ተነግሮታል። ዳኛው ግን የዚያን ዕለት ሌሊት ቤቱ ተገኘ። በጨለማ ውስጥ ወዳጅና ጠላት የሚለይ አልነበረም፤ የራሱ ወገን ሰዎች ወጉት። ወዲያው አልሞተም፤ ከቀናት በኋላ በቁስሉ አረፈ። ሲምኮ ከጦርነቱ በኋላ ባሳተመው የዘመቻ ማስታወሻው ላይ በዚህ ሞት ማዘኑን ጽፏል። ስለቀሩት ሟቾች እንደዚያ አላዘነም።

ስንት ሰው ሞተ?

ጽሑፎቹ አይስማሙም። አንዳንዶቹ 10 ያህል ሞተው 5 ቆሰሉ ይላሉ፣ ሌሎቹ ሟቾቹን ከ20 እስከ 30 ያደርሷቸዋል። አንድ ቁጥር ብቻ በድፍረት የሚነግራችሁ ካጋጠማችሁ «ከየት አገኘኸው?» በሉት።

ሲምኮ የሚለውን ስም የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ።

ቶሮንቶ የምትኖሩ ከሆነ ሲምኮ ጎዳና ላይ ታዩታላችሁ። ሰውየው ያው ነው። ሲምኮ ሐይቅ ግን በአባቱ ስም የተሰየመ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የላይኛው ካናዳ የመጀመሪያው ምክትል ገዥ ሆነ። በ1793 አዲስ ባሪያ ወደ ግዛቱ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ያስወጣውም እሱ ነው። ካናዳ ውስጥ በዚህ ይመሰገናል፤ ሳሌም ካውንቲ ውስጥ ስሙ ሲነሳ ግን ፊት ይጠቁራል።

ቆጡ ላይ የደም ምልክት አለ የሚባለውስ?

የአካባቢው ሰው ወለሉ ላይ ያለውን ጥቁር ምልክት የዚያ ሌሊት ደም ነው ይላል። የአፍ ታሪክ ነው፤ እንደ አፍ ታሪክ ስሙት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ምን ሆነ? ለምንስ አልፈረሰም?

በቤተሰቡ እጅ ቆየ። መጠጥ ቤት ሆኖ ያገለገለበትም ጊዜ አለ። በ1931 የኒው ጀርሲ ግዛት በ4,000 ዶላር ገዛው፤ በቀጣዩ ዓመት ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ከ1991 ጀምሮ ለጥገና ተዘግቶ በ1998 እንደገና ተከፍቷል።

ላለመፍረሱ ግድያው ባለውለታ ነው ብል አልተሳሳትኩም። የግዛቱ መንግሥት ለጡብ ዚግዛግ ብሎ 4,000 ዶላር በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን አያወጣም ነበር። በሌላ በኩል ግንቡ ደካማ ቢሆን ኖሮ ለመግዛትም የሚተርፍ ነገር አይኖርም። በዚያው ካውንቲ ስንት የእንጨት ቤት ጠፍቷል።

«ቅርስ» ተብሎ መመዝገቡ ምን ጥቅም አለው?

የሃንኮክ ቤት በ1970 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ብዙ ሰው ይህ መዝገብ ቤቱን ከመፍረስ የሚያድን ይመስለዋል። ብቻውን አያድንም። የግል ባለቤት በገዛ ገንዘቡ የተመዘገበ ቤቱን ቢያፈርስ መዝገቡ እጁን አይይዘውም። የሚያግዘው የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ ያለበት ሥራ ቤቱን ሲነካ ነው፤ ያኔ ጉዳቱ መታየት አለበት። ጠንካራ ክልከላ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከከተማው ወይም ከወረዳው ደንብ ነው። የሃንኮክ ቤት ዋናው ዋስትና ባለቤቱ ግዛቱ መሆኑ ነው።

ከዚህ መዝገብ በላይ «ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ» የሚባል ጠበብ ያለ ደረጃ አለ። እዚያ የሚገባው ቤት በጣም ጥቂት ነው።

የፈራረሰውን የጡብ መጋጠሚያ በሲሚንቶ ቢደፍኑት ምን ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው፣ እኛም አገር በድንጋይና በኖራ ሕንፃዎች ላይ የምናውቀው ችግር ነው። ያ ግድግዳ የተጋጠመው በኖራ ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ የገባ እርጥበት በእሱ በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ስታደርጉበት መውጫው ይዘጋል። እርጥበቱም በጡቡ በኩል ለመውጣት ይገደዳል። ክረምት ሲመጣ ውኃው ይበርዳል፣ ያብጣል፣ የጡቡን ፊት እንደ ቅርፊት ያነሳዋል። ያ የሚያብለጨልጨው ልባስ አንዴ ከረገፈ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ጥሩ ጠጋኝ ከጡቡ የሚለሰልስ የኖራ ድብልቅ ይጠቀማል። ያረጀ መጋጠሚያ ይፍረስ፣ ጡቡ ይቆይ ነው ነገሩ።

በአካባቢው ሌላ እንዲህ ያለ ቤት አለ?

አለ። ሳሌም ካውንቲ በንድፍ ጡብ ቤቶች የታወቀ ነው። ከሁሉም የሚደንቀው በ1722 የተሠራው የኤብልና የሜሪ ኒኮልሰን ቤት ነው፤ ከሃንኮክ ቤት በ12 ዓመት ይበልጣል። የጎኑ ግድግዳ በሰማያዊ ጡብ የተሠሩ የአልማዝ ቅርጾች አሉት። ኋላ በ19ኛው መቶ ዘመን አዲስ ክፍል ሲቀጠልለት ኑሮው ወደዚያ ስለዞረ፣ አሮጌው ክፍል ብዙም ሳይነካ ቀረ። በ2000 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ሆኗል። አሎዌይ ያለው የዲኪንሰን ቤትም (1754) መታየት ያለበት ነው። እነዚህ እንደ ሃንኮክ ቤት የመንግሥት ሙዚየም አይደሉም፤ ዝም ብሎ በር ማንኳኳት አይሆንም።

ለመጎብኘት ምን ልወቅ?

የሚከፈትበት ቀንና ሰዓት ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት የኒው ጀርሲ ፓርኮች ድረ ገጽ ላይ እዩ። ዝግ ቢሆንም ግድግዳው ከውጭ ይታያል። ጥላ የለሽ ብርሃን የምትፈልጉ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ንድፉ ያለው በምዕራብ በኩል ስለሆነ ፀሐይ የምትመታው ያኔ ነው። ከቤቱ አለፍ ብሎ የ1756ቱ የኩዌከሮች የጸሎት ቤት አለ፤ እሱም ጡብ ነው። በቤቱ ግቢ ውስጥ ደግሞ ከሌላ ቦታ ተነቅሎ የመጣ የጥድ ሳንቃ ቤት ቆሟል፤ ስዊድናውያን ሰፋሪዎች እንዴት ይሠሩ እንደነበር ያሳያል። ከአድማስ ላይ ትልቅ ጭስ መሰል ነገር የሚተፋ ማማ ብታዩ አትደንግጡ። የሆፕ ክሪክ ኑክሌር ማመንጫ ማቀዝቀዣ ነው፤ የሚወጣውም እንፋሎት ነው። በበጋ ከሄዳችሁ የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ፤ ያ ረግረግ ቀልድ አያውቅም።